አንድ ዱቄት፣ ሁለት ሴንትሪፊዩጅ፦ ከሲሊካ ጋር ተሳስሯል የተባለው ፖሊመር

ጉዳዩ

አንድ የምርምር ቡድን ሙቀት ሲለወጥ ጠባዩ የሚለወጥ ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) የለበሱ የሲሊካ ቅንጣቶችን ሠራ። የታሰበው ቅንጣቶቹ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተበትነው የሚፈለገውን ነገር እንዲይዙ፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ተሰባስበው ያለ ማጣሪያ እንዲዘቅጡ ነው። ውጤቱ ያማረ መሰለና ቡድኑ ለፈጠራ ባለቤትነት መብት ማመልከቻ ማርቀቅ ጀመረ። በዚህ መሃል ያው ዱቄት ለማረጋገጫ ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ ተላከ። እዚያ ታጥቦ ሲሞቅ ምንም ለውጥ አላሳየም።

ሁለቱም ቦታዎች በአንድ ጽሑፍ፣ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ በእኩል የሽክርክሪት ፍጥነት ነበር የሠሩት። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሴንትሪፊዩጅ (ቅንጣትን ከፈሳሽ ለመለየት ናሙናውን በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ) ማቀዝቀዣ የለውም፣ ሁለተኛው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሠራል። ይህን ጉዳይ መመዝገብ የሚያስፈልገው ስህተቱ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ገጻቸው የተለወጠ ቅንጣቶችን የሚሠራ ሁሉ ሊገባበት የሚችል፣ ውጤቱም የተሳካ ሙከራ የሚመስል ስህተት ስለሆነ ነው።

ዳራ

ፖሊመሩ ፖሊ-ኤን-አይሶፕሮፒል-አክሪላማይድ ነው፤ ባጭሩ ፒኒፓም ይባላል። ከ32 ዲግሪ በታች ሰንሰለቱ ላይ ያሉት የአማይድ ክፍሎች ከውሃ ጋር የሃይድሮጅን ትስስር ስለሚፈጥሩ ፖሊመሩ ተዘርግቶ ይሟሟል። ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃው ሰንሰለቱን እየለቀቀ ይሄዳል፣ ውሃ ጠል የሆኑት ክፍሎች ይሰባሰባሉ፣ ሰንሰለቱ ኩምትር ይላል፤ ጥርት ያለው ፈሳሽም በአንድና በሁለት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ እንደ ወተት ይነጣል። ሄስኪንስና ጊሌት ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1968 ገልጸውታል። መጠናቸው የተስተካከለ ክብ የሲሊካ ቅንጣቶችን ከቴትራኤቶክሲሲላን የማውጣት ዘዴም በስቶበርና ባልደረቦቹ የታተመው በዚያው ዓመት ነው።

ፒኒፓም ገጽ ላይ ሲሰካ የንብርብሩ ውፍረት ወሳኝ ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በጃፓን የተሠራው የሕዋስ ማሳደጊያ ሳህን ነው። ንብርብሩ ከ15 እስከ 20 ናኖሜትር ሲሆን ሕዋሳት በ37 ዲግሪ ይጣበቁበታል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ አንድ ስስ ሉህ ይላቀቃሉ። ውፍረቱ ከ30 ናኖሜትር ሲያልፍ ግን ከመነሻውም አይጣበቁም። ስለዚህ በናሙናው ውስጥ ፖሊመር መኖሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ምን ያህሉ ገጹ ላይ እንደተሳሰረ፣ ምን ያህሉ በፈሳሹ ውስጥ ልቅ ሆኖ እንደቀረ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ጉዳዩ የተበላሸው ይህ ሳይለይ በመቅረቱ ነው።

መጀመሪያ የተሠራው

በስቶበር ዘዴ 200 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች ተዘጋጁ። ፖሊመሩ የሚይዝበት ድርብ ትስስር እንዲኖራቸው ሜታክሪሎክሲፕሮፒል-ትራይሜቶክሲሲላን (ከዚህ በኋላ ሲላን) ተጨመረባቸው። መጠኑ ለ1 ግራም ሲሊካ 1 ሚሊሊትር ሲሆን፣ አሞኒያ ባለበት ኢታኖል ውስጥ ሌሊቱን ሲማሰል አደረና አንዴ ታጠበ።

ከዚያ 1 ግራም ቅንጣት በ100 ሚሊሊትር ውሃ ተበትኖ 1 ግራም ሞኖመር (ተያይዞ የፖሊመሩን ሰንሰለት የሚሠራው ነጠላ ሞለኪውል) ተጨመረ። ኦክስጅን እንዲወጣ ናይትሮጅን ለ30 ደቂቃ ተነፋበት። ፈሳሹ 70 ዲግሪ ሲደርስ 48 ሚሊግራም ፖታሲየም ፐርሰልፌት፣ ማለትም ከሞኖመሩ ሞል 2 በመቶ ገደማ፣ በአስጀማሪነት ገባና ለ6 ሰዓት ቆየ። በመጨረሻ በደቂቃ 10,000 ዙር ለ20 ደቂቃ እየተሽከረከረ ሦስት ጊዜ በውሃ ታጠበ፣ በ60 ዲግሪ ምድጃም ደረቀ።

ማስረጃ ሆነው የቀረቡት ሁለት ልኬቶች ናቸው። አንደኛው የብርሃን ማሳለፍ ልኬት ሲሆን፣ በ31 እና በ33 ዲግሪ መካከል ፈሳሹ በድንገት ደፈረሰ። ሁለተኛው ናሙናን እያሞቀ ክብደቱን በሚከታተለው ቴርሞግራቪሜትር የተለካው የክብደት መቀነስ ነው። ከ300 እስከ 450 ዲግሪ ባለው ክልል፣ ሲላን ብቻ ከለበሰው ሲሊካ በላይ 33 በመቶ ክብደት ተቃጠለ።

እዚህ ላይ ቆም ተብሎ ስሌት ሊሠራ ይገባ ነበር። የሲሊካው ጥግግት በሚሊሊትር 2 ግራም፣ የፖሊመሩ 1.1 ግራም ቢባል፣ 33 በመቶ ፖሊመር በ200 ናኖሜትር ቅንጣት ዙሪያ ሲጠቀለል ደረቅ ውፍረቱ 24 ናኖሜትር ይመጣል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው ግን ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ፣ አንዳንዱ ቅንጣት ላይ ጭራሽ የማይታይ ግራጫ ጠርዝ ነበር። ቡድኑ ልዩነቱን አይቶት ነበር፤ ፖሊመሩ ሲደርቅ ተሟሽሾ ነው በሚል ታለፈ። 24 ናኖሜትር ራሱ የደረቅ ውፍረት ስለሆነ ይህ ምክንያት አያስኬድም።

ችግሩ እንዴት ተገኘ

የዶክትሬት ተማሪው መጀመሪያ የጠረጠረው ናሙናው በጉዞ ላይ ተበላሽቷል ብሎ ነበር። የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ግን ሽክርክሪቱ እንዳበቃ የሙቀት መለኪያ ዘንግ ዝቃጩ ውስጥ አስገባች። የክፍሉ ሙቀት 24 ዲግሪ ሲሆን ዝቃጩ 36 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሴንትሪፊዩጅ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ የአየሩ ፍትጊያና የሞተሩ ሙቀት ዕቃውን እንደሚያሞቁት የታወቀ ነው። ለአብዛኛው ናሙና ይህ ግድ አይሰጥም፤ ለፒኒፓም ግን 32 ዲግሪን ማለፍ ማለት ከሟሚነት ወደ ዝቃጭነት መለወጥ ማለት ነው።

በሌላ አነጋገር እጥበቱ አላጠበም። ልቅ ሰንሰለቶቹ በሙቀቱ ኩምትር ብለው ከሲሊካው ጋር አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከላይ የሚደፋው ፈሳሽ ንጹሕ ነው፣ አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨመር እንደገና ይሟሟሉ፣ ሲሽከረከር ደግሞ ተመልሰው ይዘቅጣሉ። አሥር ጊዜ ቢደገምም ልቁ ፖሊመር ከቱቦው አይወጣም።

ይህን ለማረጋገጥ የተሠራው ሙከራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ናሙናው ማቀዝቀዣ ባለው ሴንትሪፊዩጅ በ10 ዲግሪ ተሽከረከረ። ከላይ የቀረው ፈሳሽ በጥንቃቄ ወደ ሌላ የብርጭቆ ቱቦ ተቀዳ፤ ምንም ቅንጣት የሌለበት፣ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ቱቦው 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከግድግዳው ጀምሮ ወደ መሃል እየነጣ ሄደና በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከኋላው ያለ ጽሑፍ የማይነበብ ሆነ። ከውሃው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጠራ። በማመልከቻው ረቂቅ የቅንጣቶቹ ባሕርይ ተብሎ የሰፈረውን ለውጥ ቅንጣት የሌለበት ፈሳሽ ራሱን ችሎ አሳየ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ሜታኖል ነበር፤ ፒኒፓም በንጹሕ ሜታኖል በማንኛውም የቤተ ሙከራ ሙቀት ይሟሟል። ሙከራው ግን ከሸፈ። ምክንያቱ ከዝቃጩ ውስጥ ያልወጣው ውሃ ነው። ፒኒፓም በውሃ ብቻውንና በሜታኖል ብቻውን የሚሟሟውን ያህል በሁለቱ ቅልቅል አይሟሟም። ሜታኖሉ 35 ሞል በመቶ፣ በይዘት 55 በመቶ ገደማ ሲሆን ፖሊመሩ በክፍል ሙቀት ይቅርና በበረዶ መታጠቢያም ይዘቅጣል። በዝቃጩ ውስጥ 4 ሚሊሊትር ውሃ ቀርቶ 5 ሚሊሊትር ሜታኖል ሲጨመር የሚገኘው በትክክል ይህ መጥፎ ቅልቅል ነው። በሜታኖል ማጠብ የፈለገ መጀመሪያ ውሃውን በሚገባ ማውጣት፣ ከዚያም ሜታኖሉን ከቀሪው ውሃ ቢያንስ አሥር እጥፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ መጨመር አለበት። ኢታኖልም ከውሃ ጋር ተመሳሳይ ጠባይ አለው።

የሠራው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ከ10 ዲግሪ ያልበለጠ ውሃ፣ አስቀድሞ የቀዘቀዘ የሴንትሪፊዩጅ ዕቃ፣ በየእጥበቱ መካከል ደግሞ በቀዝቃዛ ቦታ እየተማሰለ ማደር። በስሌት ብቻ ከሆነ በየዙሩ ከ40 ሚሊሊትር 2 ሚሊሊትር ቢቀር ልቁ ፖሊመር በየጊዜው 20 እጥፍ ስለሚቀንስ ሦስት እጥበት ይበቃ ነበር። በተግባር ግን ሰባት አስፈለገ። የሲሊካው ገጽ ላይ ያሉት የሲላኖል (ሲሊከን-ሃይድሮክሲል) ክፍሎች የፖሊመሩን አማይድ በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚይዙት ሰንሰለቱ የሚላቀቀው ቀስ በቀስ ነው። ማደሩም ለዚህ ነው። እጥበቱ ያበቃው ከላይ የቀረው ፈሳሽ በ40 ዲግሪ ጥርት ብሎ ሲቀር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚደፋው ፈሳሽ ያልተቀየረ ሞኖመር ስላለበትና ሞኖመሩ መርዛማ ስለሆነ ወደ ማጠቢያ ሳይሆን ወደ ኬሚካል ቆሻሻ ጠርሙስ ነው የተደፋው።

ከሰባተኛው እጥበት በኋላ የተቃጠለው ክብደት ከ33 በመቶ ወደ 2 በመቶ ወረደ፤ ይህ በእኩል ቢሰራጭ 1.2 ናኖሜትር ውፍረት ነው። ቀጥሎ ቀድሞ መሠራት የነበረበት ማነጻጸሪያ ተሠራ። ሲላን ያልነካው ባዶ ሲሊካ በዚያው ምላሽ ውስጥ ገብቶ በዚያው መንገድ ሲታጠብ 1.5 በመቶ ፖሊመር ይዞ ወጣ። በሌላ አነጋገር ተሳስሯል ከተባለው ፖሊመር አብዛኛው ልቅ ነበር፤ ከቀረውም አብዛኛው የተለጠፈ እንጂ የተሳሰረ አልነበረም።

ሲላኑ የት ገባ

የ200 ናኖሜትር ሲሊካ የገጽ ስፋት በግራም 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ 6ን ለጥግግቱና ለስፋቱ ብዜት ማካፈል ነው። ሙሉ በሙሉ ሃይድሮክሲል የለበሰ ሲሊካ በካሬ ናኖሜትር 5 የማይሞሉ ሲላኖሎች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ በግራም 0.12 ሚሊሞል ይሆናል። ለዚህ የሚበቃው ሲላን 30 ሚሊግራም ነው። የተጨመረው 1 ሚሊሊትር ግን ከ4 ሚሊሞል በላይ ነው፤ 35 እጥፍ።

«ትርፍ ቢኖር ታጥቦ ይወጣል» የሚለው ግምት እዚህ አይሠራም። ሦስት ሜቶክሲ ያለው ሲላን አሞኒያና ውሃ ባለበት እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ድርብ ትስስር የሞላባቸው ጥቃቅን የሲላን እብጠቶች በፈሳሹ ውስጥ ይፈጠራሉ። አንድ እጥበት አያወጣቸውም። ሞኖመሩ ሲገባ ሰንሰለቱ በእነሱ ላይም ያድጋል። በዚያ ላይ ፐርሰልፌቱ ምላሹን የሚያስጀምረው በውሃው ውስጥ እንጂ በገጹ ላይ አይደለም፤ ምላሹ በ70 ዲግሪ ስለሚካሄድም የተወለደ ሰንሰለት ሁሉ ወዲያው ኩምትር ብሎ ያገኘው ቅንጣት ላይ ያርፋል። ልቁና የተሳሰረው ተደራርበው የተጋገሩት ገና በፍላስኩ ውስጥ ሳሉ ነው።

መፍትሔው በሁለት ደረጃ መጣ። በመጀመሪያው ሲላኑ ወደ 0.3 ሚሊሞል፣ ማለትም 75 ሚሊግራም ወረደ፣ በኢታኖል ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ሞኖመሩም በግማሽ ተቀነሰ። የተሳሰረው ፖሊመር ወደ 5 በመቶ ከፍ አለ። ይሁን እንጂ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይለዋወጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ማመልከቻ መጻፍ አይቻልም።

በሁለተኛው ሰንሰለቱ ከገጹ ራሱ እንዲያድግ ተደረገ። ቅንጣቶቹ በደረቅ ቶሉዊን ውስጥ አሚኖፕሮፒል-ትራይኤቶክሲሲላን ለበሱ፤ ለ1 ግራም 0.3 ሚሊሞል። በአሚኑ ላይ የሰንሰለቱ መነሻ የሚሆነው 2-ብሮሞአይሶቡቲሪል ብሮማይድ በ0 ዲግሪ፣ ትራይኤቲልአሚን ባለበት ደረቅ ዳይክሎሮሜቴን ውስጥ ተሰካ። ይህ ውሁድ ከውሃ ጋር በኃይል ይጋጫል፣ እንፋሎቱ ይቆጠቁጣል፤ ያለ ጭስ ማውጫ ሳጥን አይነካም። አንድ ዙር ሙሉ በሙሉ የከሸፈውም እዚህ ላይ ነው። ከእጥበት የቀረ ኢታኖል ብሮማይዱን ቀድሞ በላውና ለአሚኑ የተረፈ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቅንጣቶቹ ብሮማይዱን ከማግኘታቸው በፊት በቫኪዩም እንዲያድሩ ተደረገ።

የሰንሰለቱ እድገት በመዳብ ብሮማይድና ሜ6-ትሬን በተባለው፣ መዳቡን በሚይዘው ሊጋንድ፣ በአይሶፕሮፓኖል ውስጥ በክፍል ሙቀት ተካሄደ። ኦክስጅን በሦስት ዙር ማቀዝቀዝ፣ አየር መሳብና ማቅለጥ ወጣ። ጥርጣሬ ካለ ቀለሙን መመልከት ይበቃል፤ ፈሳሹ ገና ከመነሻው አረንጓዴ ከሆነ አየር ገብቶ መዳቡን ኦክሲድ አድርጎታል፣ ዙሩን መቀጠል ትርፉ ሞኖመር ማባከን ነው። መጨረሻ ላይ መዳቡ ብረት በሚይዘው በኢዲቲኤ ሟሟት ታጠበ።

ውጤቱ

ከቀዝቃዛ እጥበት በኋላ 14 በመቶ ፖሊመር ተለካ፤ ይህ 9 ናኖሜትር ደረቅ ውፍረት ይሰጣል፣ በማይክሮስኮፕ የታየው ጠርዝም ከዚህ ጋር ተስማማ። በብርሃን ብተና ልኬት ቅንጣቱ በ20 ዲግሪ 276፣ በ45 ዲግሪ 230 ናኖሜትር ሆነ፤ ባዶው ሲሊካ 206 ነው። ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ በሦስተኛው እጥበት ጠራ። ሁለተኛው ቤተ ሙከራም በራሱ ሴንትሪፊዩጅ ያንኑ አገኘ።

ያልተጠበቀው ነገር ሌላ ነው። እነዚህ ንጹሕ ቅንጣቶች በንጹሕ ውሃ ሲሞቁ ኮመተሩ እንጂ አልተሰባሰቡም። ገጻቸው ላይ የቀረው ኤሌክትሪካዊ ሙል እርስ በርስ ያራርቃቸዋል። በመጀመሪያው ናሙና ቅንጣቶቹን ሲያገናኝ የነበረው ልቁ ፖሊመር ነበር። ይህን ኤሌክትሪካዊ ሙል የሚሸፍን 0.05 ሞላር የገበታ ጨው ሲጨመር በሙቀት ተሰባስበው ዘቀጡ፣ ሲቀዘቅዙም ተበተኑ። ጨው የመለወጫ ሙቀቱንም በትንሹ ዝቅ ስለሚያደርገው ሙቀቱ ሁልጊዜ ከጨው መጠኑ ጋር መጻፍ አለበት።

በምድጃ ማድረቅም ተትቷል። በ60 ዲግሪ የደረቀው ዱቄት ተጋግሮ በድምፅ ሞገድ በሚበትነው ሶኒኬተርም አልተበተነም፤ ኩምትር ያሉት ንብርብሮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ባዶ የቀሩት የሲሊካ ገጾችም ይያያዛሉ። አሁን በውሃ ውስጥ እንደተበተነ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፤ ክብደት መለካት ሲያስፈልግ ትንሽ ተወስዶ በቅዝቃዜ ይደርቃል።

ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከላይ የሚቀረውን ፈሳሽ መጠየቅ ነው። ማንኛውም ገጹ የተለወጠ ቅንጣት አደረገው የሚባለውን ነገር፣ ቅንጣቱ ከወጣ በኋላ የቀረው ፈሳሽ ብቻውን ማድረግ አለማድረጉ መታየት አለበት። ቀለም የሚለውጥ፣ ብረት የሚይዝ፣ መድኃኒት የሚለቅ ቢሆንም ያው ነው። ከዚህ የሚቀረውን ባዶው ቅንጣት በዚያው ሂደት አልፎ የሚሰጠው ማነጻጸሪያ ይሞላዋል፤ ያኛው ልቁን ከተያዘው ይለያል፣ ይሄኛው የተለጠፈውን ከተሳሰረው።

የሚታጠበው ነገር ለሙቀት ምላሽ የሚሰጥ ከሆነ የእጥበቱ ሙቀት የሂደቱ አካል ነው። «ሦስት ጊዜ በውሃ ታጠበ» የሚል ጽሑፍ ለፒኒፓም ምንም አይነግርም፤ የዝቃጩ ሙቀት ሽክርክሪቱ ሲያበቃ ተለክቶ መጻፍ ይኖርበታል። የሲላንንም መጠን ከገጽ ስፋት ተነስቶ ማስላት እንጂ ከሌላ ሰው አሠራር በሚሊሊትር መገልበጥ አያዋጣም፤ የዚያ ሰው ቅንጣት 20 ናኖሜትር ከሆነ የገጹ ስፋት አሥር እጥፍ ነው።

የባለቤትነት መብትን በተመለከተ ቡድኑ የዳነው በመዘግየቱ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ከገጹ ጋር በኬሚካላዊ ትስስር የተያያዘ ፖሊመር» ይላል፤ ናሙናው ግን ቅልቅል ነበር፣ በሙያው የሠለጠነ ሰው መግለጫውን ተከትሎ ቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ ቢጠቀም የተባለውን አያገኝም። የኢንዱስትሪ ንብረትን በሚመለከተው የፓሪስ ስምምነት የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀዳሚነት ለ12 ወራት ቢጠበቅም፣ በኋላ የሚጨመር አዲስ አሠራር የመጀመሪያውን ቀን አይወርስም። አሁን ያለው ረቂቅ ከገጹ የሚያድገውን ሰንሰለት፣ የደረቅ ውፍረቱን ክልል፣ የጨውን መጠንና የእጥበቱን ሙቀት አንድ ላይ ይጠይቃል። ጠባብ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ግን ልኬት አለው።

በቀዝቃዛው ክፍል ያለው እያንዳንዱ ጠርሙስ ከስምና ከቀን በተጨማሪ አራት ነገር ተጽፎበታል፦ የእጥበቱ ብዛት፣ የእያንዳንዱ እጥበት ሙቀት፣ የሲላኑ ሚሊሞል በግራም፣ እና ከመጨረሻው እጥበት የቀረው ፈሳሽ በ40 ዲግሪ ጠርቶ መቅረቱ ወይም መንጣቱ። የመጨረሻው መስመር ባዶ የሆነበት ጠርሙስ ለልኬት አይወጣም።